ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የጠፋው የደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት

በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ጉዱማሌ የሚባል ሰፊ ስፍራ አለ። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል፥ እርሱም ፍቼ ጨምበላላ የሚባለው፥ በደረሰ ጊዜ ሽማግሌው ከጐልማሳው፥ እናት ከልጅዋ ጋራ በዚያ ይሰበሰባል። የበዓሉን ቀን የሚቈርጡት የከዋክብትን አካሄድ የሚያውቁ አዋቂዎች ናቸው፤ የተቈረጠውም ቀን ለየጐሣው ይነገራል። የተጣላ ይታረቃል። ሽማግሌዎች ሕዝቡን ይመክራሉ፤ ሥራን እንዲወድ፥ ታላላቆችን እንዲያከብር፥ የአገሩን ዛፍ እንዳይቈርጥ፥ በሐሰት እንዳይመሰክር፥ እንዳይሰርቅ ይነግሩታል። ሕፃናትም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጐረቤቱን ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ ከእንሰት፥ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡርሳሜ የሚባለውን ምግብ ይቀምሳሉ። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዓለም ሕዝቦች የባህል ቅርስ መዝገብ ተጽፎአል። በዓሉን ከዘመን ወደ ዘመን ያደረሰው ከፍ ያለ ቅጥር ወይም የብረት በር አይደለም፤ አባት ለልጁ እየነገረ፥ ልጅም ለልጁ እየነገረ ጠበቁት እንጂ።

ከጉዱማሌ ወደ ሰሜን እጅግ ርቆ፥ ከአዲስ አበባም 130 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ፥ በሸዋ ደጋ ላይ ደብረ ብርሃን የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ስፍራ ከ500 ዓመት በላይ አስቀድሞ ብዙ ቅጥርና ብዙ በር ያለው ትልቅ ቤተ መንግሥት ቆሞ ነበረ። በውስጡ ሌሊትና ቀን ጸሎት አይቋረጥም ነበረ፤ በደጁም ጠባቂ አይታጣም ነበረ። ዛሬ ግን መንገደኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዶ ያን ቤተ መንግሥት ቢፈልግ አያገኘውም። ቅጥር የሌለው ስፍራ ሲኖር ብዙ ቅጥር የነበረው ስለ ምን ጠፋ? ይህን ለማወቅ የሠሪውን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ይገባል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር አገር ጥልቅ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፥ እናታቸውም እግዚእ ክብራ ይባሉ ነበረ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች እንደ ሌላው ልጅ በአባታቸው ደጅ አይጫወቱም ነበረ። አንዱ በሌላው ላይ እንዳይነሣ ተብሎ፥ ዙሪያው ገደል በሆነ በአምባ ግሼን ላይ ተዘግተው ይኖሩ ነበረ። አምባው መስቀል ይመስላል፤ መውጫውም ጥቂት ነው፤ በመውጫውም ጠባቂዎች ይቀመጣሉ። ዘርዐ ያዕቆብም የጕልማሳነታቸውን ዘመን በዚህ አምባ ላይ አሳለፉ። በዚያም መጽሐፍ ተማሩ፥ ጸሎትንም ለመዱ። ነገር ግን ሌላ ትምህርት ደግሞ ነበረ፤ እርሱም ሥጋት ነው። ወንድም ወንድሙን እንደሚፈራ፥ ከበሩ የሚመጣም ሰው ለክብር ወይም ለሞት እንደሚመጣ አስቀድሞ እንደማይታወቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ አዩ።

ወንድማቸው ዐፄ ይስሐቅ ከሞቱ በኋላ መንግሥቱ ታወከ። በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ። አንዱ ሳይጸና ሌላው ይተካል፤ መኳንንቱም በየወገናቸው ይከፈላሉ። በመጨረሻ በ1426 ዓ.ም. ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባው ወርደው ነገሡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ነበረ። ከእስር ቤት ወጥቶ በአንድ ጊዜ ብዙ አገር መግዛት ለማንም ሰው ከባድ ነገር ነው። የታሰረ ሰው እግሩ በአንድ ቀን ይፈታል፤ ልቡ ግን በአንድ ቀን አይፈታም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ንጉሥ ሰነፍ አልነበሩም። በ1428 ዓ.ም. ወደ አክሱም ሄደው በጥንቱ ነገሥታት ሥርዐት ዘውድ ጫኑ፤ የመንግሥት ስማቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ፤ በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በግብፅ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ገዳም እንደ ፈረሰ በሰሙ ጊዜ አዘኑ፤ በተጕለትም በዚያው ስም ገዳም አሠሩ። ወደ ግብፁ ሱልጣን ወደ ጀቅመቅ መልእክተኛ ልከው በግብፅ ያሉ ክርስቲያኖች እንዳይበደሉ ለመኑ፤ በገዛ አገራቸውም እስላሞች በሰላም እንደሚኖሩ አስታወሱት። በ1442 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በናፖሊ ወደ ነበረው ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ መልእክተኞች ልከው ልዩ ልዩ ጥበብ የሚያውቁ ሠራተኞች እንዲልክላቸው ጠየቁ።

በጦርነትም ኀይለኛ ነበሩ። የአዳል ሱልጣን በድላይ ብዙ ሠራዊት ይዞ በደዋሮ አገር ላይ በመጣ ጊዜ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1438 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን በጎሚት ላይ ገጠሙት፤ በድላይም በዚያ ወደቀ፥ ሠራዊቱም ተበተነ። ከዚህ ድል በኋላ ስማቸው እስከ ሩቅ አገር ተሰማ።

ከጦርነቱ ድል ይልቅ ግን የሚበልጥ ሌላ ሥራ ሠሩ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች የሚባሉት መነኮሳት ከእሑድ ጋራ ቅዳሜን ያከብሩ ስለ ነበረ፥ ከሌሎቹ ጋራ ከመቶ ዓመት ያህል ጀምሮ ተለያይተው ነበሩ። አንዱ ወገን ሌላውን ያወግዝ ነበረ፤ ከርስቱና ከደብሩ የተሰደደም ብዙ ነበረ። ንጉሡ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፥ መነኮሳቱም ከሁለቱ ወገን ተሰበሰቡ፤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፥ የተለያዩትም ታረቁ። በዚህ ቀን ማንም አልተወገረም፥ ማንም አልተገረፈም፤ የመቶ ዓመት ጠብ ግን ሞተ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በትዕግሥትና በምክር ምን ሊሠሩ ይችሉ እንደ ነበረ ይህ ጉባኤ ያሳያል። እንዲሁም ብርሃንና መጽሐፈ ምላድ የሚባሉት፥ ሌሎችም መጻሕፍት በስማቸው የሚጠሩ ናቸው።

በዚያ ዘመን በደቡብ ያለው የሐድያ አገር ለንጉሡ ይገብር ነበረ። ከሐድያ ገዢ፥ ከገራዱ ቤት የተወለደች እሌኒ የምትባል ልጅ ወደ ንጉሡ ቤት መጣች። በእስላም ቤት ተወልዳ ክርስትና ተነሣች፥ የንግሥትነትም ማዕርግ ተሰጣት። ብልኅ፥ ታጋሽ፥ መጽሐፍ ወዳድ ነበረች። ኋላ የእርስዋ ነገር ይነገራል።

ንጉሡ በሃይማኖት ነገር ቀናተኛ ነበሩ። የጣዖት አምልኮና ጥንቈላ ከአገሩ እንዲጠፋ ፈለጉ፤ ሰው ሁሉ በግንባሩና በእጁ ላይ ሰይጣንን እንደ ካደ የሚናገር ጽሕፈት እንዲያደርግ አዘዙ። ዳሩ ግን ትእዛዙ በጸና ቍጥር ከሳሽ በዛ። ከጐረቤቱ ጋራ የተጣላ ሰው ጐረቤቱን ጣዖት አመለከ ብሎ መክሰስ ቀላል ሆነለት። ሹመት የሚፈልግም የተሾመውን በዚሁ ነገር ይወነጅለው ጀመረ። ንጉሡም የሐሰተኛውን ምስክር ከእውነተኛው ለመለየት ጊዜ አልሰጡም፤ ከአምባው ላይ ይዘውት የወረዱት ሥጋት የሰውን ክፉ ወሬ እንዲያምኑ አደረጋቸውና። ስለዚህ ብዙ ሰው ተገረፈ፥ ብዙም ሞተ።

በዚህ ጊዜ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። እነርሱ ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው ለንጉሡ መስገድን እምቢ አሉ፤ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም መስገድን አልተቀበሉም። ንጉሡ ተቈጥተው ብዙ አሠቃዩአቸው፤ በ1446 ዓ.ም. ገደማ የካቲት 2 ቀን ከእነርሱ አንዳንዶቹ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ከዚህም በኋላ በ38ኛው ቀን፥ መጋቢት 10 ቀን፥ በሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ታየ። በዘመናችን ካሉት ሊቃውንት አንዳንዶች ይህን ብርሃን በ1448 ዓ.ም. ከታየው ሃሌይ ከሚባለው ጅራታም ኮከብ ጋራ ያገናኙታል። ንጉሡ ግን ፈጣሪ በፍርዳቸው ደስ እንዳለው የሚገልጥ ምልክት ነው አሉ። በዚያም ስፍራ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ፤ የስፍራውንም ስም ደብረ ብርሃን ብለው ጠሩት።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ተሠራ። ይህ ለዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበረ። ከእርሳቸው በፊት በቅርብ የነበሩት ነገሥታት በአንድ ስፍራ ብዙ ዘመን አይቀመጡም ነበረ፤ የማገዶው እንጨትና የከብቱ ሣር ባለቀ ጊዜ፥ ወይም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ድንኳናቸውን ነቅለው ከነሠራዊታቸው ወደ ሌላ አገር ይሄዱ ነበረ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመቶቻቸው 12ቱን በደብረ ብርሃን ተቀመጡ። ብዙ ሕዝብም በዙሪያው ስለ ሰፈረ ስፍራው ከተማ ሆነ።

ቤተ መንግሥቱ እንደ ጎንደር ግንብ አልነበረም፤ የጎንደር ግንብ ከዚህ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ የተሠራ ነው። የደብረ ብርሃኑ ቤት አብዛኛው በዚያ ዘመን ልማድ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፥ በሣርም የተከደነ ነበረ። ጌጡና ኀይሉ ቅጥሩ ነበረ። ከፍ ያለ ቅጥር ዙሪያውን ይከበዋል፤ በውስጡም ሌላ ቅጥር አለ፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ለማለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ንጉሡ ከውስጠኛው ቤት ብዙ ጊዜ አይወጡም ነበረ፤ ፊታቸውንም የሚያዩ ጥቂቶች ነበሩ። ጠንቋዮች ክፉ ነገር ያደርጉብኛል ብለው ስለ ፈሩ፥ ካህናት ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ መዝሙር እንዲደግሙ፥ በቤቱም ዙሪያ ጠበል እንዲረጩ አዘዙ። በከተማው ቸነፈር በገባ ጊዜ ደግሞ በሽታው እንዳይቀርብ ሲሉ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ነገር ግን ቅጥር ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ በውስጥ ያለውን አይከለክልም። ሥጋት ከንጉሡ ጋራ በውስጠኛው ቤት ተቀምጦ ነበረ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስቀድመው ሴቶች ልጆቻቸውንና እኅቶቻቸውን በየአገሩ ሾመው ነበረ፤ በባዕድ ሹም ፈንታ የሥጋ ዘመድ ይሻላል ብለው ነበረና። ኋላ ግን ከሳሾች መጥተው ልጆቻቸው ጣዖት አመለኩ፥ ለጠንቋይም ታዘዙ ብለው ተናገሩ። ንጉሡ ይህንም አመኑ። ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን በብርቱ ግርፋት አስቀጡአቸው፤ ከእነርሱም የሞቱ ብዙዎች ናቸው። አባት በአደባባይ ልጆቹን ሲያስገርፍ ያየ ሕዝብ ሁሉ አለቀሰ፤ ነገር ግን ለእነርሱ ለመማለድ የደፈረ ጥቂት ነበረ።

በ1454 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ክሱ ወደ ሚስታቸው ወደ ጽዮን ሞገሳ ደረሰ። እርስዋም ንጉሡ ሳይሞት ልጅዋን በእደ ማርያምን ልታነግሥ ትመክራለች ተባለች። ንጉሡ አስገረፉአት፤ ከግርፋቱም ብዛት ሞተች፥ በስውርም ተቀበረች። ወጣቱ ልዑል የእናቱን ሞት በሰማ ጊዜ ለቅሶውን በይፋ ማልቀስ አልቻለም፤ ዕጣንና ጧፍ ይዞ እናቱ ወደ ተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ይህ ትንሽ የልጅ ሥራ እንኳ ለንጉሡ ተነገረ። ንጉሡም ተቈጥተው ልጃቸውን አሳሰሩት። በዚያን ቀን ከብዙ ልጆች የተረፈው ይህ ልጅ ደግሞ ሊጠፋ ነበረ፤ ከእርሱም ጋራ የመንግሥቱ ተስፋ ሊጠፋ ነበረ። ነገር ግን የገዳማት ሰዎች ስለ እርሱ ለመኑ፤ የንጉሡም ልብ ራራ፥ ልጁንም ፈቱት፤ ኋላም ወራሻቸው እንዲሆን ፈቀዱ። ከሥጋት ብዛት በጨለመው በዚያ ቤት ውስጥ ይህ አንድ ምሕረት እንደ ትንሽ መብራት ነበረ። ቤቱንም እስከ ሌላው ትውልድ ያደረሰው ከቅጥሩ ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ምሕረት ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 34 ዓመት ገዝተው በ1460 ዓ.ም. በጳጕሜን ወር ሞቱ። ዐፄ በእደ ማርያም በተተኩ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራቸው ምሕረት ነበረ፤ በአባታቸው ዘመን የታሰሩትን ፈቱ፥ የፈራውንም ሕዝብ አጽናኑ። እቴጌ እሌኒን እንደ እናት አከበሩ። በደብረ ብርሃን ግን ለመቀመጥ አልወደዱም፤ እናታቸውና ወንድሞቻቸው የተገረፉበትን ቤት ትተው እንደ ቀድሞዎቹ ነገሥታት በድንኳን እየተዘዋወሩ ገዙ። ንጉሥ የሌለበት ቤተ መንግሥት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ሣሩ በየክረምቱ ካልታደሰ ያፈስሳል፤ ውሃ የገባበት እንጨት ይበሰብሳል፤ ጠባቂ የሌለው ቅጥር ድንጋዩና አጥሩ ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። የልጅ ልጃቸው ልጅ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን፥ ከ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኵሬ ጦርነት በኋላ፥ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሸዋን ሁሉ ወረረ፤ አብያተ ክርስቲያናትና የነገሥታት ቤቶችም ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት በስም እንጂ በዐይን የሚታይ አልሆነም።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሥራ ምን ቀረ? በመጀመሪያ ስሙ ቀረ። ደብረ ብርሃን ዛሬም ደብረ ብርሃን ትባላለች፤ በብርድዋና በብርድ ልብስዋ የታወቀች ትልቅ ከተማ ናት። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረበት በሚባለው ስፍራ ዐፄ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. ገደማ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ በግድግዳውም ላይ ያ ብርሃን በሥዕል ተገልጦ ይታያል። የንጉሡ ዐፅም በጣና ሐይቅ ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋራ በሣጥን ተቀምጦ ይታያል። በስማቸው የሚጠሩት መጻሕፍትም በየገዳሙ ተጠብቀው ደርሰዋል። የተጻፈው ቃል በሣር ከተከደነው ቤት ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዚያ ቤት ያደገችው የሐድያ ልጅ እቴጌ እሌኒ ናት። እርስዋ በቅጥሩ ውስጥ የሆነውን ክፉ ሥራ ሁሉ አየች፤ ነገር ግን ክፋቱን አልወረሰችም። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኋላ የነገሡት ሁሉ ምክርዋን ይፈልጉ ነበረ። ዐፄ ናዖድ በ1500 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ልብነ ድንግል የ12 ዓመት ያህል ሕፃን ስለ ነበሩ፥ አረጋዊቱ እሌኒ እንደራሴ ሆና መንግሥቱን ጠበቀች። ከጐረቤት እስላም አገሮች ጋራ ሰላምንና ንግድን ትወድ ነበረ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም አደጋ አስቀድማ አይታ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። በጎጃምም መርጡለ ማርያም የሚባለውን ውብ ቤተ ክርስቲያን አሠራች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለመንግሥታቸው ጠባቂ እንዲሆን ብዙ ቅጥር ሠሩ፤ መንግሥቱን የጠበቀው ግን ቅጥሩ ሳይሆን ከሩቅ አገር የመጣችው ይህች ብልኅ ሴት ሆነች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ታሪክ አንብበህ በንጉሡ ላይ ለመፍረድ አትቸኵል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርቱ፥ አስተዋይ፥ አገራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በምጥማቅ ጉባኤ የተጣላውን ያስታረቁ፥ በደብረ ብርሃንም የገዛ ልጆቻቸውን ያስገረፉ አንድ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰውን ሰብስበው ሰሙ፤ በሁለተኛው ጊዜ በር ዘግተው ከሳሽን ብቻ ሰሙ። ልዩነቱ ይህ ነው። ሥጋት በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በአባወራ ልብ፥ በመምህር ልብ፥ በዳኛም ልብ ይገባል። የሚፈራ ሰው አንድ ቅጥር ይሠራል፤ እርሱ ሳይበቃው ሁለተኛ ይጨምራል፤ በመጨረሻ በቅጥሩ ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

በጉዱማሌ ያሉ ሽማግሌዎች የሰማዩን ብርሃን አይተው ሰው ከሰው የሚገናኝበትን ቀን ይቈርጣሉ። የደብረ ብርሃኑ ንጉሥም የሰማዩን ብርሃን አዩ፤ በብርሃኑም የራሳቸውን ፍርድ አጸኑበት። ብርሃን ለሁሉ ያበራል፤ ሰው ግን በልቡ እንዳለው ያነብበዋል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ልቡን ይሥራ፤ ከጐረቤቱ ጋራ ይታረቅ፥ ወሬ አመላላሽን አይስማ፥ ልጆቹንም በፍርሃት ሳይሆን በፍቅር ያሳድግ። እንዲህ ያለ ቤት ሣሩ ቢያረጅ ይታደሳል፥ ግድግዳውም ቢወድቅ ልጆቹ መልሰው ያቆሙታል።